ለጠላት የሚጠጣ ለስላሳ

ኩታይሲ ውስጥ አንድን ሰው ፊት ለፊት «ይህን ያበላሸኸው አንተ ነህ» ከማለት መጋዝ መዋጥ ይቀላል። ከጀርባውማ ሌላ ጉዳይ ነው፤ ከጀርባው ከሆነ ከተማው በሙሉ አንደበተ ርቱዕ ነው። ማቅቫላ ይህን ከማንም በላይ ታውቃለች። እዚያው ተወልዳ፣ እዚያው ጸጉሯን አሽብታ፣ ከሪዮኒ ወንዝ ማዶ ባለው የለስላሳ ፋብሪካ የጠርሙስ ክፍሉን ስትመራ ኖራለች። ያም ሆኖ በየጠዋቱ፣ ማሽኑ ከመነሳቱ በፊት፣ ነጩ ሰሌዳ አጠገብ ቆማ ያንኑ ጥያቄ ትጠይቃለች።

«ትናንት ምን ችግር ነበር?»

«ምንም» ይላል መካኒኩ ሙርማን፣ ጣሪያውን እያየ።

«ፒክሪያ?»

«ሁሉም ደህና ነው፣ አክስቴ ማቅቫላ» ትላለች ጠርሙሱ ላይ መለያ ወረቀት የምትለጥፈው ፒክሪያ፣ ጥፍሯን እያየች።

«ቫሊኮ?»

«ተመስገን ነው፣ ልሙትልሽ። ሰላም ነው፣ ጤና ነው» ይላል ሳጥን የሚጭነው ሽማግሌ ቫሊኮ፤ እሱ ደግሞ ሰዓቱን ያያል።

ከኋላቸው ትናንት የተሰባበረው ጠርሙስ በርሜል ሙሉ ሆኖ ተቀምጧል። ማንም ወደዚያ አይዞርም።

ነገሩ ሁልጊዜ እንዲህ አልነበረም። ካቻምና ከሪጋ አንድ ቀጭን አማካሪ መጥቶ ነበር። ሰውየው መፍቻና መዶሻውን ሁሉ ግድግዳ ላይ ሰቅሎ ከየኋላቸው ግድግዳው ላይ ቅርጻቸውን በቀለም ሣለ፤ የጎደለው ዕቃ ገና ከበር ሲገቡ እንዲታይ ነው። ከማሽኑ ዳር እስከ ዳር ቀይ ገመድ ዘረጋ፤ ጥፋት ያየ ሰው ማንንም ሳያስፈቅድ ገመዱን ሳብ ያደርግና ማሽኑ ይቆማል። የጠዋቱንም የቁም ስብሰባ ያስለመደው እሱ ነው። መጀመሪያ ሳቁበት፤ ቀጥሎ ወደዱት፤ ከዚያ ለሱ ሲሉ ሠሩ። የሚሰበረው ጠርሙስ በግማሽ ቀነሰ። ማቅቫላማ ነገሩ ልቧ ድረስ ዘልቆ፣ ቤቷ ያሉትን ማንኪያዎች ሳይቀር በቁመታቸው ደርድራ ነበር። አማካሪው ሲሄድ የደገሱለት ግብዣ ከመርዘሙ የተነሳ አውሮፕላኑ ጥሎት ሄደ።

በማግስቱ ሙርማን መፍቻ ወስዶ አልመለሰም። በሳምንቱ የመዶሻው ቅርጽ ላይ ኮት ተሰቀለ። መኸር ሲደርስ ደግሞ ቫሊኮ ሚስቱ የሠራችውን ቹርችኼላ፣ ያንን በክር ተሰክቶ በወይን ጭማቂ የሚነከረውን ለውዝ፣ የሚያደርቅበት ነፋሻ ቦታ ፈለገ። ቀዩ ገመድ ቁመቱም ነፋሱም ልክ ሆኖ አገኘው። ከዚያ ወዲህ ገመዱን የሚስብ ጠፋ፤ የቫሊኮን ሚስት ጣፋጭ መሬት ላይ የሚያራግፍ የማን ልብ ነው? ጠርሙስ ሲደረመስ ሰዉ «ኧረ አጥፉት!» እያለ መጮህ ጀመረ። ማቅቫላ ልትቆጣ ሄደች። ቫሊኮ አንዱን ፈትቶ ሰጣት። ከበላች በኋላ የቁጣዋ ጉልበት ከየት ይምጣ?

አንድ ቀን የፋብሪካው ባለቤት ባድሪ ቢሮው ጠራት። ባድሪ ፋብሪካውን ከአባቱ ነው የወረሰው፤ በልጅነቱ ማቅቫላ አፍንጫውን የጠረገችለት ሰው ስለሆነ «ጌታው» የምትለው ስትናደድ ብቻ ነው። ጠረጴዛው ላይ ዋና ከተማዋ ትብሊሲ ካሉ ገዢዎች የተመለሱ የአረንጓዴ ለስላሳ ጠርሙሶች ቆመዋል። አንዱን ከፈተው። ድምፅ የለም፤ ጋዙ ቀድሞ ወጥቷል።

«ቅመሺው።»

«አልቀምስም። የሞተ ነገር አልቀምስም።»

«አክስቴ ማቅቫላ፣ በአባቴ ጊዜ አንድ አዲስ አሠራር መጥቶ ሞተ። በኔ ጊዜ ይኸው ሁለተኛው። የአንድ ሰሞን ሆይ ሆይታ ደከመኝ። ከትብሊሲ ተቆጣጣሪ ላመጣ ነው። ከላይ የመስታወት ክፍል እሠራለታለሁ፣ ካሜራ ይተከላል፣ የሰበረ ይቀጣል፣ አለቀ።»

«እኔስ?»

«አንቺ መጋዘን ትገቢያለሽ። ዕረፍት ይሆንልሻል።»

«ዕረፍት መቃብር ውስጥ አለልኝ፣ ጌታው!» አለች ማቅቫላ። ቀጥላ ግን ድምፅዋ ተሰበረ፤ የፈራችው ለመጋዘኑ ብቻ አልነበረም። «ሰዎቼን እንደ ሌባ ከላይ ቁጭ ብሎ ሊያያቸው? ሙርማን በማግስቱ ጥሎ ይሄዳል። ፒክሪያ ስታለቅስ ትውላለች። ቫሊኮ ደግሞ ሰውየውን እራት ይጋብዘዋል፣ ሰውየው ሳምንት አይነሳም።»

ባድሪ ሳይወድ ሳቀ።

«እስከ ፋሲካ ስጠኝ» አለችው።

«እስከ ፋሲካ እሰጥሻለሁ። ግን ስሚኝ፤ አንቺ ዱላ ይዘሽ ከላዩ ስትቆሚበትማ ድሮም ይሠራል። እኔ ማየት የምፈልገው በራሱ እግር ሲቆም ነው።»

ማቅቫላ ወርዳ መጀመሪያ ያደረገችው ዱላ መያዝ ነበር። ቹርችኼላውን በገዛ እጇ አወረደች፤ የቫሊኮ ሚስት እሑድ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ሰላምታ ነፈገቻት። ኮቱን ከግድግዳው አንስታ ወረወረች። ጠዋት ጠዋት ጮኸች፣ ለመነች፣ አኮረፈች። እነሱም «ሁሉም ደህና ነው» የሚሉትን ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ማለት ጀመሩ። ጋዝ አልባው ጠርሙስ ግን መመለሱን አላቆመም፤ ሙርማን ጥፋቱን ቆርኪ በሚያቀርበው ነጋዴ ላይ ደፈደፈው። አይጥ በበላ ዳዋ ይመታል እንደሚባለው ነጋዴው ሁለቴ ተሰደበ፣ ሁለቴ ቆርኪ ቀየረ፣ ለውጥ ግን የለም። ውሃ ወቀጣ ሆነባት። ቤቷ ገብታ ለባሏ «እኔ እኮ አልጠላኋቸውም፣ ለምንድን ነው የሚዋሹኝ?» ስትለው ባሏ «አንቺስ ቆመሽ የምትጠይቂያቸው ለምንድን ነው? ቆሞ የሚጠይቅ ፖሊስ ነው» አላት። ባሏ ብዙ አይናገርም፤ የተናገረውንም ያን ቀን አልሰማችውም።

በዚያው ሰሞን የቫሊኮ የልጅ ልጅ ክርስትና ተነሳ። ቅዳሜ ማሽኑ ከቆመ በኋላ ሳጥን ተገልብጦ ጠረጴዛ ሆነ፤ አይብ የተሞላው ዳቦ፣ ኻቻፑሪው፣ እየጨሰ መጣ፤ ባቄላው በሸክላ ድስት ተከተለ። ታማዳው፣ ማለት ለማን እንደሚጠጣ እየመረቀ የሚያስጀምረው የማዕዱ አለቃ፣ ማን እንደሚሆን አልተጠየቀም፤ ቫሊኮ ባለበት ሌላ ታማዳ መምረጥ ቄስ ባለበት ዲያቆን እንዲቀድስ መጠየቅ ነው። ብርጭቆውን አነሳ፤ ለእግዚአብሔር ጠጡ፣ ለሰላም ጠጡ፣ ለሕፃኑ ጠጡ፣ በሕይወት ለሌሉት ቆመው ጠጡ። ለእናቶች ሊጠጡ ሲሉ ማሰሮው ተንጠፈጠፈ።

«ወይኑ አለቀ» አለች ፒክሪያ።

«በኔ ቤት?» አለ ቫሊኮ፣ ጦርነት እንደተነገረው ሰው።

«ባንተ ቤት አይደለም፣ አጎቴ ቫሊኮ፣ ፋብሪካ ውስጥ ነን። ዞር በል፣ ለስላሳ ልቅዳልህ፤ ሞልቶን የለ!»

ቫሊኮ ብርጭቆውን በመዳፉ ከደነው። «ልጄ፣ አብደሻል? በለስላሳ ለእናት ሊጠጣ? በቢራና በለስላሳ የሚጠጣው ለጠላት ብቻ ነው። አያቴም ያለው ይህንን ነው።»

«እንግዲያው ለጠላት እንጠጣ!» አለ ሙርማን። «ደረቅ ጉሮሮ ከማሳደር ጠላትን መመረቅ ይሻላል።»

ሳቁ ተነሳ፤ ለስላሳው ተቀዳ። ቫሊኮ ታማዳ ነውና ለመጀመሪያው ጠላት፣ ለጉልበቱ ሪህ፣ «ዕድሜውን ያርዝመው፣ ግን ሌላ አገር» ብሎ ጨለጠ። ከዚያም «አላቬርዲ ለሙርማን!» አለ፤ ቃሉን አሳለፈለት። አላቬርዲ የተቀበለ ሰው ዝም ማለት አይችልም፤ ነውር ነው።

ሙርማን ተነሳ። ትንሽ ወዝወዝ ብሎ ቆመና ብርጭቆውን ወደ ማሽኑ አዞረ።

«እኔ የምጠጣው ለዚያች ሞላ ነው። ቆርኪ መቺው ውስጥ ላለችው ሞላ። ትክክለኛው እስኪመጣ ብዬ ከአሮጌው ማሽን ነቅዬ የሰካኋት እኔ ነኝ። በነሐሴ፣ በድንግል ማርያም በዓል ሰሞን ነበር። ከዚያ ወዲህ የጠርሙስ አንገት ስትነክስ፣ ቆርኪ ስታጣምም፣ እኔን ሌሊት እንቅልፍ ስትነሳ፣ ይኸው አለች። እግዚአብሔር ረጅም ዕድሜ ይስጣት፤ ቆራሌው ዘንድ!»

ማቅቫላ ደሟ ፈላ። ከድንግል ማርያም በዓል ጀምሮ! ስንት ጠርሙስ፣ ስንት ስድብ፣ ያ ምስኪን የቆርኪ ነጋዴ! አፏን ከፈተች፤ ከመጮኋ በፊት ግን ቫሊኮ «ጠላት ነች! ጠላት ነች!» ብሎ ጠጣ፣ ሁሉም እየሳቀ ጠጣ፣ ሙርማንም ሸክም እንዳወረደ ሰው ተነፈሰና «አላቬርዲ ለፒክሪያ!» አለ። ፒክሪያ ፊቷ ቲማቲም መስሎ በብርድ ጊዜ አልፈስ ለሚላትና ተደብቃ በውሃ ለምታቀጥነው ሙጫ ጠጣች። አንዱ ከሌላው እየተቀበለ ሄደ፤ ነገርን ነገር ያነሳዋል። ማቅቫላ የከፈተችውን አፍ ዘጋችው። ለወራት ቆማ ስትለምነው የነበረው እውነት ሁሉ ተቀምጣ ሳለች እየተቀዳ መጣላት፤ የባሏ ቃል የገባት ያኔ ነው።

ሰኞ ጠዋት ሰሌዳው አጠገብ ትንንሽ ብርጭቆዎች ተደርድረው ጠበቋቸው።

«ይህ ሳምንት ታማዳው ቫሊኮ ነው» አለች።

«በጠዋት? በቁም? ያለ ምግብ?» ቫሊኮ እጁን ወደ ሰማይ ዘረጋ። «ማቅቫላ፣ አባቴ ከመቃብሩ ይነሳል!»

«እምቢ ካልክ ለሙርማን እሰጠዋለሁ።»

«ማን እምቢ አለ? ቅጂ!»

ሕጉ አጭር ነበር። የሚጠጣው ለስላሳ ብቻ፣ የሚጠጣለትም ጠላት ብቻ ነው። የሰው ስም አይጠራም። የተጠራ ጠላት ሰሌዳው ላይ ይጻፋል፤ የሞተ ቀን መስቀል ይሳልበታል። ታማዳው በየሰኞው ይለወጣል። የመጀመሪያው ቀን ቫሊኮ ስለ አንዲት የላላች ብሎን ሲናገር ከፍጥረት ጀምሮ ስለመጣ ማሽኑ ዘግይቶ ተነሳ። በማግስቱ ሙርማን ጠላት አድርጎ ያቀረበው «አንድ ማቆሚያ ያጣ ምላስ» ነበር፤ ስም አልጠራም። ቫሊኮ ሳቀ፣ ተቀየመ፣ እንደገና ሳቀ፣ ከዚያ ወዲህ ንግግሩ ከብርጭቆው አልረዘመም።

ታማዳ ሆኖ በሳምንቱ አንድም ጠላት ያልቀበረ ሰው ፊቱን የት ያስገባዋል? ስለዚህ ዓርብ ዓርብ የአስከሬን ፍለጋ የሚመስል ሩጫ ነበር። ሙርማን ትክክለኛዋን ገጥሞ ለአሮጌዋ ሞላ እውነተኛ ቀብር አደረገላት፤ ፒክሪያ አለቀሰችላት፣ ቫሊኮ ስለ መልካም ሥራዋ ምንም የሚናገረው እንዳጣ ተናገረ። ሙጫው ማሞቂያ ተገዛለት። በገና ሰሞን ቫሊኮ ራሱ፣ ማንም ሳያዘው፣ የተሰነጠቀ ጠርሙስ አይቶ ቀዩን ገመድ ሳበና ማሽኑን አቆመ፤ ሰው ሁሉ አጨበጨበለት። የበርሜሉ ስብርባሪ ወደ ታች ሄደ። ከትብሊሲም የሚመለስ ለስላሳ ጠፋ።

ባድሪ አይቶ ራሱን ነቀነቀ። «ጥሩ ነው። እጅግ ጥሩ ነው። ግን ይህ አንቺ ነሽ፣ አክስቴ ማቅቫላ። ብርጭቆውን የምትደረድሪው አንቺ፣ ሰሌዳውን የምትጠርጊው አንቺ። ነገ ብታሚ ምን ይሆናል?»

አማካሪው ከሄደ በኋላ አንድ ሰሞን ጉንፋን ጥሏት ስትመለስ የጠዋቱ ስብሰባ ተረስቶ ነበር። ይህን ባድሪም አልረሳውም።

በዐቢይ ጾም አጋማሽ ባቱሚ ያለችው ልጇ መንታ ወለደች። መንታ! ማቅቫላ በደስታ ጮኸች፤ ወዲያው ደግሞ ለፋሲካ ስንት ቀን እንደቀረ ቆጠረች። ባትሄድ እናት አይደለችም፤ ብትሄድ ፋሲካ ሲደርስ ተመልሳ የምትገባው መጋዘን ነው። ሄደች። አንዱን ሕፃን አቅፋ ሌላውን እያወዛወዘች ስለ ቆርኪ ታስብ ነበር። በሦስተኛው ቀን አላስችላት ብሎ ስልክ መታች።

«ፒክሪያ፣ ጠዋት ቆማችሁ?»

«አክስቴ፣ ማሽኑ እየጮኸ ነው፣ አይሰማኝም! መንታዎቹን ሳሚልኝ!» ዘጋችው።

«አለቀልን» አለች ማቅቫላ ለሕፃኑ። ሕፃኑ አዛጋ።

ለሆሳዕና ዋዜማ ተመለሰች። ከሚኒባሱ ወርዳ ቤቷ እንኳ ሳትገባ በጠዋቱ ሻንጣዋን ይዛ ፋብሪካ ደረሰች። በሩ ላይ ባድሪን አገኘችው። ሳማት፣ ሻንጣዋን ተቀበላትና «የትብሊሲው ሰው ቁርጡን ንገረኝ ብሎኛል። ነይ፣ አብረን እንይ» አላት። ተከተለችው።

ሰሌዳው ዙሪያ ቆመዋል። ብርጭቆው ተደርድሯል። ታማዳው ሙርማን ነው፤ ያ ጣሪያ ሲያይ የከረመው ሙርማን! ማቅቫላ ከኋላ ቆመች። ሙርማን አያት። ትንሽ ቀና አለ፤ ግን አላቋረጠም።

«የዛሬው ጠላታችን» አለ፣ «አንድ ቁልፍ ነው። የመለዋወጫ ቁም ሳጥኑ ቁልፍ። ይህ ምስኪን ቁልፍ ዕድሜውን በሙሉ ከአንድ ቦርሳ ወጥቶ አያውቅም። ሰሞኑን ባቱሚ ሄደ፣ ባሕር አየ። እኛ የማሽኑ ቀበቶ ተበጥሶብን፣ ማሽን አቁመን፣ ቁም ሳጥኑን እንደ ጣዖት ከበን ስንቆም እሱ ፀሐይ ይሞቅ ነበር።»

«በሩን ከነማጠፊያው የነቀልኩት እኔ ነኝ! ወገቤ!» አለ ቫሊኮ።

«የሰው ስም አልጠራሁም» አለ ሙርማን፣ አሁን ማቅቫላን እያየ። «ዕድሜውን ያርዝመው፤ ከቦርሳ ውጭ!»

ሁሉም ዞሩ። ፒክሪያ አፏን በእጇ ያዘች።

ማቅቫላ ፊቷ ጋለ። ንዴት ነበር። እነዚህን ሰዎች ማን ሰው አደረጋቸውና ነው! ከንዴቱ ሥር ቅናት ነበር፤ ልጇን ጎረቤት ጭን ላይ ተኝቶ ያገኘች እናት የሚይዛት ዓይነት። ከቅናቱ ሥር ግን ሌላ ነገር ተነሳ። አልዋሿትም። ፊት ለፊት፣ ኩታይሲ ውስጥ፣ በጠዋቱ፣ አለቃቸውን አልዋሿትም።

«ልቆጣልሽ?» አለ ባድሪ በጆሮዋ።

«ዝም በልና ብርጭቆ ፈልግልኝ።»

«አላቬርዲ ለማቅቫላ!» አለ ሙርማን።

ተጠግታ ብርጭቆ ተቀበለች። እንባዋን ለመደበቅ አልሞከረችም። «ቁልፉ ምን ያድርግ፣ ብረት ነው» አለች። «ጠላቱ ‹እኔ ከሌለሁ ይፈርሳል› የምትለዋ ሐሳብ ነች። እኔ ቤት ነው ያደገችው፣ አብልቼ አጠጥቼ ያሳደግኋት እኔው ነኝ። እንግዲህ ለጠላቴ!» ጨለጠችው። ሰዉ ጮኸ፣ ሳቀ፣ ሳማት፤ መንታዎቹ ማንን እንደሚመስሉ አንድ ላይ ጠየቋት። ባድሪ ስልኩን ይዞ ወደ ግቢው ወጣ። «አይ፣ ይቅርታ አድርጉልኝ» ሲል በመስኮቱ ተሰማ፤ «ቦታው ተይዟል።»

ማቅቫላ ቦርሳዋን ከፍታ ቁልፉን አወጣች። ወዴት እንደምትሰቅለው ዙሪያዋን ስትቃኝ ፒክሪያ እየሳቀች ከቁም ሳጥኑ አጠገብ ያለውን ግድግዳ አሳየቻት። ምስማሩን ባለፈው ሳምንት መትተውት ነበር።